ከሀ እስከ ሆ የሚያስቆይ ውሃ

የመለሰኝ የተጠበሰ አቧራ ሽታ ነው።

እህቴ ከተቀበረች ወዲህ ቤቷ ነው የማድረው። ለቀስተኛው ቀስ በቀስ ተበተነ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ የእድሩ ወንበር ተመለሰ። ዛሬ የእህቴ ልጅ ሕይወት ፊቴን አይታ፣ «አጎቴ፣ በቃ እግርዎን እንኳ ይታጠቡ፤ ቦይለሩን ላብራልዎ» አለችኝ። ቦይለሩ ለቅሶው ከገባ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። መሞቅ ሲጀምር ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ሸተተ። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይከፍት ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

መጻፍ ሥራዬ አይደለም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጎሚስታ ሆንኩ፤ የማውቀው ጎማ ነው። ግን በቀብሯ ቀን የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ሰማሁ። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ ስንት ልጅ እንደወለደች ተነበበ። ስለ ውሃው አልተነበበም። ጽሑፉን ያዘጋጁት ልጆች አያውቁትማ። የሚያውቀው የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ እንደሆነልኝ ልጻፈው።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል ገብቼ ፊደል የምቆጥርበት ዓመት ነበር። የምንኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ገባ ብሎ፣ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ቀበሌው ቪላውን ለሦስት ቤተሰብ አከፋፍሎታል። ሳሎኑ የጋሽ ከድር ነው፤ አዲሱ ገበያ ሱቅ አላቸው። የጓሮው ክፍል የጋሽ አንጁሎ ነው፤ ሸማኔ ናቸው፣ የሠሩትን ጋቢ ባለቤታቸው ሽሮ ሜዳ ወስዳ ትሸጣለች። ሁለቱ መኝታ ቤቶች የእኛ ናቸው። መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ ነው፣ የሁላችንም።

እዚያ ግድግዳ ላይ የድሮዎቹ ባለቤቶች ትተውት የሄዱት ነጭ ቦይለር ተሰቅሏል። ከሥሩ ጥቁር ማዞሪያ አለው። ማዞሪያው ላይ የነበሩት ቁጥሮች ተፍቀው አልቀዋል። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ውሃው እየሞቀ ሳለ ትበራለች፣ ሲበቃው ትጠፋለች። ለእኔ መብራቷ ስትጠፋ ቦይለሩ የተኛ ይመስለኝ ነበር። እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ገብቼ ሸንቼ እወጣለሁ።

እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። ያሳደጉን አባዬና አክስቴ ብርቄ ናቸው። አክስቴ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ከሚፈላው በርሜል አንሶላውን በእጇ ታወጣለች። እህቴ ሙሉ፣ እትዬ ሙሉ ነበር የምላት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። አክስቴም ተማሪዋ ናት። የክፍሉ አስቸጋሪ ተማሪ።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በዚያ ዓመት መንዳት አቆመ። «ስኳር አለበት» አሉ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር የሚገኘው፤ ደብቆ የተገኘ ነጋዴ ሲወሰድ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። እኔም አባዬ የሆነ ቦታ ስኳር ደብቋል ብዬ ፈራሁ። የቀበሌ ሰው በራችን ባለፈ ቁጥር ሄጄ አባዬ ፊት እቆማለሁ፣ ልሸፍነው። አንድ ቀን እትዬ ሙሉን በጆሮዋ፣ «የት ነው የደበቀው?» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። «ደሙ ውስጥ» አለችኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

በሽታው እጅና እግሩን አደነዘዘበት። ሲጋራው ጣቱ ላይ ደርሶ ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ሲሸተው ነው የሚጥለው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ እግሩን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ እንዲያደርቅ፣ በጣቶቹ መሀል ቁስል እንዳለ እንዲያይ ነገሩት። አክስቴ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። ሳፋውን ከቦይለሩ ትሞላለች፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ጣል ታደርግበታለች፣ እጇን ነክራ «ለብ ብሏል» ትላለች።

ኅዳር ላይ ነው። ቀኑ ብርድ ነበር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የቆርቆሮውን ጫፍ ያንኳኳል። አባዬ አንድ እግሩን ሳፋው ውስጥ አድርጎ ለእኔ ተረቱን ያወራል። ተረት የምለው የራሱን ነገር ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረዳቱ ከፊት በእግሩ እየሄደ እንዴት መንገድ እንደመራው። ረዳቱ በጉሙ ውስጥ ላም ረግጦ እንዴት እንደጮኸ ሲነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አክስቴ ፎጣ ይዛ መጥታ እግሩን ስታነሳው ቀልቷል። እንደ ቲማቲም። እሱ አሁንም እየሳቀ ነው።

በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ቆዳው ተላጠ።

ጤና ጣቢያ ያከመው ድሬሰር ለአባዬ ያልነገረውን ውጭ አስጠርቶ ለእትዬ ሙሉ ነገራት። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። «የስኳር ሰው ቁስል ቶሎ አይድንም። ይሄ ካመረቀዘ እግሩ ይቆረጣል። ሁለተኛ እንዳይቃጠል» አላት።

ቤት ስንደርስ ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቦይለሩ ፊት ቆመች። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ማን እንደከፈተው አልጠየቀችም። ሁሉም ነው የሚከፍተው። ጋሽ ከድር ለጎህ ሶላት ሲታጠቡ ይከፍቱታል። የጋሽ አንጁሎ ባለቤት ክር ስትነክር ትከፍተዋለች። አክስቴ ደግሞ ሁልጊዜም።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አልሠራም። ይሄን የምጽፈው ስለምወደው ነው። ከአንዲት ጓደኛዋ የትኩሳት መለኪያ ተውሳ መጣች። ግቢው ተሰበሰበ። መለኪያውን የቦይለሩ ውሃ ውስጥ ስትከተው ጠሽ ብሎ ተሰበረ። ውስጡ የነበረው ብርማ ነገር ሳፋው ሥር እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ልነካው ስል እጄን መታችኝ።

«አይ ሙሉዬ» አሉ ጋሽ ከድር፤ «ይሄ የሰው ትኩሳት ነው የሚያውቀው። ቦይለር ታሞ አያውቅም እሱ ዘንድ።»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን መሰበሩ ሳያንስ የተውሶ መሆኑ አሳፍሯት ፊቷ ተለወጠ። ገብታ አለቀሰች። እኔ ያለቀሰችው ለቦይለሩ መስሎኝ ነበር፤ ታሞ የሚያክመው ስላጣ።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ማዞሪያውን በግምት ዝቅ አድርጋ፣ ቀይዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቃ፣ ሳፋውን ሞላችና ግቢው መሀል አስቀመጠችው። አባዬ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ በር ላይ ወንበር ተደርጎለት ተቀምጧል። እሷ ሁሉንም ጠራች።

«እባካችሁ፣ አንድ አንድ ጊዜ እጃችሁን ንከሩልኝ።»

«ምንድን ነው? ጸበል ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ከድር፤ ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ነከሩ። «ለእኔ ደህና ነው። ትንሽ ቢጨመርበትም አልጠላም።»

ጋሽ አንጁሎ በጣቶቻቸው ጫፍ ነክተው ወዲያው መለሱ። «ኧረ! ዶሮ ልትነጩበት ነው?»

አክስቴ እስከ ክርኗ ነከረችው። «ይሄ? ይሄማ የሞተ ውሃ ነው።»

«ያንቺ እጅ ነው የሞተው ብርቄ» አሉ ጋሽ ከድር። «ያንቺማ ማማሰያ ነው እንጂ እጅ ነው?»

«የእርስዎስ? ከሚዛን ሌላ ምን ይዞ ያውቃል?»

«እኔ የክር ቅጥነት የምለየው በጣቴ ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ ኮራ ብለው። «ይፋጃል ካልኩ ይፋጃል።»

ተከራከሩ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ ሳፋ ነው፤ ግን በየሰው እጅ ሌላ ውሃ ነው። እትዬ ሙሉ እጆቻቸውን ታያለች። ነገሩ የገባት ያኔ ይመስለኛል። ለአክስቴ «ለብ ብሏል» ማለት ውሸት አልነበረም። ከዓመታት የፈላ አንሶላ በኋላ ለእሷ እጅ ለብ ያለ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ና ማሙሽ።»

መዳፌን ልነክር ስል ገለበጠችው። «በዚህ አይደለም። በዚህ።» የእጄን አንጓ ውስጡን፣ ደም ሥሩ የሚታይበትን ስስ ቆዳ በጣቷ ነካች። «እስከቻልክ አቆየው። ዝም ብለህ ከምትቆም ትምህርት ቤት ያሏችሁን በል። ቀስ እያልክ።»

ነከርኩ። «ሀ... ሁ... ሂ» አልኩና እጄን አወጣሁ።

«እኔ እንኳ ሄ ደርሻለሁ!» አለች አክስቴ። ጋሽ ከድር ሳቃቸው ትንታ ሆነባቸው።

እትዬ ሙሉ ግን አልሳቀችም። ብድግ አለች። «እስከ ሆ እጁን የማያወጣበት ውሃ የአባዬ ውሃ ነው» አለች። «ቦይለሩ እዚያ ላይ ይቁም። ከእንግዲህ ማንም አይንካው።»

የጋሽ አንጁሎ ባለቤት፣ «የእኔ ክርስ? በለብታ ውሃ እሺ አይለኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ እንጀራቸው ነው። እትዬ ሙሉ ትንሽ አሰበችና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔ በላምባ ምድጃችን አፈላልሻለሁ» አለቻት። ያንን ዓመት በሙሉ አፈላች። ቅዳሜ የምትተኛበት ብቸኛ ቀኗ ነበር።

ጋሽ ከድር ወደ አባዬ ዞረው ፋሻውን አዩ። እሁድ እሁድ ዳማ ሲጫወቱ ይሰዳደባሉ። «በቃ ይሁን» አሉ። «ይሄ ሾፌር እግሩን ካጣ እኔ ማንን ልሳደብ ነው?»

«ምላሴ አልደነዘዘም፤ አይፍሩ» አለ አባዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ሙሉ ማዞሪያውን ፀጉር ያህል ትመልሰዋለች፣ መብራቷ እስክትጠፋ እንጠብቃለን፣ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ እኔ አንጓዬን ነክሬ ሀ ሁ እላለሁ። ሄ ላይ የወጣሁበት ቀን ነበር። ህ ላይም። አንድ ቀን ሆ ብዬ እጄን ሳላወጣ ቀረሁ፤ ውሃው ደስ ብሎኝ ለ ሉ ሊ እያልኩ ቀጠልኩ። እትዬ ሙሉ ለሰው ሰርግ የገዛችውን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ ማዞሪያው የቆመበት ቦታ ላይ ነጥብ አደረገች። ከዚያ ማዞሪያውን ስባ ነቀለችው። ቦይለሩ ላይ የቀረችው ትንሽ ብረት ብቻ ናት።

ማዞሪያውን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ጥቁር፣ እንደ ትልቅ ቁልፍ ያለ። ትምህርት ቤትም ይዛው ትሄዳለች። ጋሽ ከድር በግቢው ባለፈች ቁጥር ቆም ብለው «የውሃ ሚኒስትር» ይሏታል። እኔ ግን መስቀል የሆነ መስሎኝ ስትተኛ ስሜው አውቃለሁ።

ቁስሉ እየጠገገ መጣ። ቁስሉ የሚታጠበው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ ጤነኛው እግር ግን በየቀኑ በእኔ ውሃ ነበር የሚታጠበው። ነጥቧ ላይ ሲሆን ቀዝቃዛ መጨመር አያስፈልግም። ሁሉም ሰው ቀጥታ ከቧንቧ መጠቀም ለመደ። ጋሽ ከድር እንኳ «ለውዱእ እንዲህ ያለ አይገኝም» አሉ። ድሬሰሩም ታኅሣሥ ላይ ሁለቱንም እግር ለብ ባለ ውሃ መታጠብ እንደሚቻል ፈቀደ። አዲሱ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀን።

እትዬ ሙሉ ቀበሌ አዳራሽ እያስተማረች ነው። አክስቴም እዚያ መሆን ነበረባት፣ ግን ራሴን አመመኝ ብላ ቀርታለች። ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። አባዬ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንኳ ይንዘፈዘፋል። አክስቴ አየችው። ወጣች፣ ገባች። ምን እንዳደረገች ያኔ አላየሁም። ከአባዬ የመኪና ዕቃ ሣጥን ፒንሳ አውጥታ፣ ያችን የቀረችውን ብረት ይዛ አዙራታለች። ወንድሟ በርዶት ማየት አልቻለችም፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ትንሽ ቆይታ ሳፋውን እንደ ወትሮው በቀጥታ ከቧንቧ ሞልታ አመጣች። እጇን ነከረች። «ዛሬ ገና ውሃ ውሃ ሆነ» አለች። አባዬ ሁለቱን እግሮቹን አነሳ። አዲሱ ቆዳ በመስኮቱ ብርሃን ያብለጨልጫል።

«ቆይ» አልኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ነከርኩ። «ሀ... » ሁ አልደረስኩም። እጄን ወስጄ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

«ሂድ ወዲያ! ትናንት እስከ መ የደረስክ ልጅ!» አለች አክስቴ። «አታይም እንዴ አባትህ እየተንቀጠቀጠ? ወንድሜ፣ አግባው፣ ልጅ ነው፤ ይጫወታል።»

አባዬ እግሮቹ ሳፋው ላይ ተንጠልጥለው አየኝ። አክስቴን አየ። እንፋሎቱ እግሩን ሥር ሥሩን ይነካዋል፤ እሱ አይሰማውም። እግሮቹ መድከም ጀምረዋል። እኔ «አይ» ማለት ፈለግኩ፤ ግን ትልቅ ሰው ላይ «አይ» ብዬ አላውቅም።

«ልጁ ሆ አላለም» አለ አባዬ።

«እኔ ነክሬዋለሁ እኮ!»

«ሙሉ ሆ ይበል ብላለች፤ አላለም። ሳፋውን አንሽልኝ ብርቄ።»

ሳፋውን አላነሳችውም። ቆማ ቀረች። እኔ ገፋሁት። ከባድ ነበር፤ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። አባዬ እግሩን ደረቅ መሬት ላይ ሲያሳርፍ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት።

እትዬ ሙሉ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ እንዳለ ስትገባ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። የፈሰሰውን አየች። የቀላ እጄን አየች። ሳፋው ውስጥ የቀረውን በአንጓዋ ነካችና ቶሎ አነሳችው። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄዳ ተመለሰች። ፒንሳውን ይዛ ነበር።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ፒንሳውን መሬት አስቀመጠች። አክስቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

«አልነገረኝም» አለች አክስቴ። «ሙሉዬ፣ እጄ አልነገረኝም እኮ። እንደዚያን ጊዜም። እኔው ነኝ ያቃጠልኩት?»

የዚያኛው ቃጠሎ በእሷ እጅ መሆኑን ማንም ለአክስቴ ነግሯት አያውቅም ነበር። እስከዚያች ቀን ራሷም አላወቀችም።

እትዬ ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ እጆቿን ከነጠላው አወጣቻቸው። የተላላጡ፣ ወፍራም፣ መዳፋቸው የሚያበራ እጆች። ገለበጠችና አንዱን ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች። ልጅ የትልቅ ሰው ጉልበት ሲስም አይቻለሁ፤ እጅ በዚህ ዓይነት ሲሳም ግን ያኔ ነው ያየሁት።

«እኔ የምማረው በእነዚህ ነው» አለች። «እሱም የሚበላው በእነዚህ ነው። ውሃ መለካት አይጠበቅባቸውም። ውሃ የሚለካ ልጅ አለን።»

አክስቴ አለቀሰች። ቆይታ ግን በእንባዋ መሀል፣ «ራሴንም አላመመኝም ነበር፤ የቤት ሥራዬን ስላልሠራሁ ነው የቀረሁት» አለች። አባዬ ነው ቀድሞ የሳቀው።

ለጥምቀት አባዬ ጫማ አደረገ። ሁለቱንም። እትዬ ሙሉ ተንበርክካ ክሩን አሰረችለት፤ ጥቁሩ ማዞሪያ ከአንገቷ ወርዶ ተንጠለጠለ። ጋሽ ከድር ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ «ሾፌሩ! ፍሬን ይዘህ ሂድ!» ብለው ሲጮሁ ትዝ ይለኛል። አባዬ በእግሩ ሄዶ ታቦት ሸኘ። ሁለቱንም እግሮቹን እስከ መጨረሻው ድረስ ይዟቸው ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ብዙ ነው፤ ሌላም ሰው ሊጽፈው ይችላል።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ነኝ። አቧራው ተቃጥሎ አልቋል፤ ሽታው ጠፍቷል። እኔም የአባዬ ስኳር አለብኝ። ጣቶቼ ከጎማው ይሁን ከበሽታው አላውቅም፣ ከደነዘዙ ቆዩ። እህቴ በስልክ በደወለች ቁጥር ሰላም ከማለቷ በፊት «እግርህን አየኸው?» ነበር የምትለው። አንዳንዴ እሰለች ነበር። ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም።

ሕይወት ሳፋውን ሞልታ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ቦይለሩን ሄጄ አየሁት። አዲስ ነው፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ይነበባሉ። ቢሆንም ማዞሪያው አጠገብ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ ምን ያህል እንደሞቀ ሊለይልኝ አልቻለም።

«ቆይ አባባ» አለችኝ ቤዛ፣ የሕይወት ትንሿ ልጅ። ዘንድሮ ነው ትምህርት የጀመረችው። ሮጣ መጥታ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነው። «መጀመሪያ እኔ ነኝ። ለአያቴም እኔ ነበርኩ የምነክርላት።»

ተንበረከከች። መዳፏን ሳይሆን አንጓዋን ነከረች። ማንም ሳይነግራት።

«ሀ» አለች። «ሁ። ሂ።»

እግሬን አንስቼ ጠበቅኩ። ቀስ ብላ ነው የምትለው፤ እንደተማረችው።

«ሃ። ሄ። ህ።»

አየችኝ። እጇ አሁንም ውሃው ውስጥ ነው።

«ሆ» አለች።

እግሬን አወረድኩ።